ውሃው አልገባም፣ እርስዎ ይግቡ

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ነገር ግን ሞኝነቴን ደብቄ ማደር ስለማልችልበት ይኸው እጽፈዋለሁ።

ዝናብ ቀሰቀሰኝ። ዝናብ ስል የዴን ሃግን የዘወትር ካፊያ ማለቴ አይደለም፤ እሱማ እንዲያውም ያስተኛል። የዛሬው መስኮት የሚደበድብ፣ አሸንዳውን የሚያስጮህ ዝናብ ነበር። ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ዘልዬ ማለቴም ጉራ ነው፤ መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ ወገቤን አስፈቅጄ ነው የተነሣሁት። ፒጃማዬ ላይ ካፖርት ደረብኩ፣ ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ከመታጠቢያ ቤት ባልዲዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሁለት ቤት አልፌ የመደዳችንን የመጨረሻ ደወል ተጫንኩ።

የከፈተልኝ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ የሰካ ወጣት ፈረንጅ ነው። እኔን አየ፣ ባልዲዬን አየ፣ ፒጃማዬን አየ። ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አስካለ ከሞተች ወራት አልፈዋል። ቀብሯ ላይ ነበርኩ፤ አፈር ሲመለስባት ቆሜ አይቻለሁ። እግሬ ግን አልሰማም መሰለኝ።

ደወል ተጭኖ ዝም ማለት አይቻልምና በደች፣ ውሃ ገብቷል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ዞር ብሎ ወለሉን ተመለከተ። አልገባም አለኝ፣ አረፋው አገጩ ላይ እየወረደ። አመስግኜ፣ መልካም ቀን ተመኝቼለት ተመለስኩ። ቤቴ ስደርስ ባልዲው በዝናብ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር። ባዶ እጄን አልተመለስኩም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአስካለ ቤት ውሃ በሚገባበት ዘመን ባልዲና መወልወያ ይዤ የምደርስላት እኔ ነበርኩ። በኋላ ውሃው መግባቱን ተወ፤ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። ዶፍ በጣለ ቁጥር ባዶ ባልዲ ይዤ ደወሏን እጫናለሁ። እሷም ከፍታ ባልዲውን ታይና «ውሃው አልገባም፣ እርስዎ ይግቡ» ትለኛለች። ከዚያ ሻይ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ወሬ አለ። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ዝናብ እንደ በዓል ሆኖልኝ ነበር። የዛሬው ዝናብ ግን ዝናብ ብቻ ነው።

አስካለ በዕድሜ የምታንሰኝ፣ በቁመት የምትበልጠኝ ሴት ነበረች። በቁመት የማይበልጠኝ ሰው ስለሌለ ይህ ምልክት አይሆንም። እኔ አንቺ እላታለሁ፤ እሷ ጋሽ ፍሬው እያለች አንቱ ትለኛለች፤ ከሁለታችን ማን ማንን እንደሚያዝ ግን ሰፈራችን ስኪልደርስዋይክ በሙሉ ያውቃል። ጉልበቷን በአረጋውያን መጦሪያ ጨርሳ፣ ወገቧ እምቢ ሲላት ቤት የዋለች ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታነሣ ስለኖረች ነው መሰል፣ የተቀመጠ ሰው ማየት አትወድም። በሬ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ካገኘችኝ፣ «ጋሽ ፍሬው፣ በዚህ በኩል ደርቀዋል፣ ይገልበጡ» ብላኝ ታልፋለች።

እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ በጾም ቀን ብቻ የሚታወቀኝ ዓይነት። በመስኮቷ ሳልፍ ጮክ ብላ ስትጸልይ እሰማታለሁ። አንድ ቀን፣ የጌታ ጆሮ ደህና ነው፣ ቀስ ብትይም ይሰማል አልኳት። ጮክ የምትለው ለእሱ ሳይሆን ለእኔ እንደሆነ ነገረችኝ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን እጇን ነው። ቤቷ ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ ወሬውን ሳታቋርጥ ብድግ ትልና መዳፏን በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ታሳርፋለች። ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ትንሽ ትቆያለች። አንዳንዴ «ዛሬ ይሻለዋል» ትላለች። አንዳንዴ ምንም ሳትል ትቀመጣለች፤ ያኔ ግድግዳው ታሟል ማለት ነው፣ ወሬውም ይቀዘቅዛል።

በዚህ አገር ዳገት የለም ይባላል፤ እኔም ለብዙ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። መደዳችን አራት ቤት ነው። ላይኛው ጫፍ እኔ፣ ቀጥሎ ድሪስ የሚባል ሞሮኳዊ፣ ቀጥሎ ታንቴ ሊን የምንላት የሱሪናም አሮጊት፣ መጨረሻ አስካለ። ለዓይን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ውሃ ግን በዓይን አይሄድም። ዶፍ በወረደ ቁጥር የአስካለ ጓሮ ይሞላና በበሩ ሥር ሾልኮ ሳሎን ይገባል። ቤቶቹን የሚያከራየን ኮርፖራሲ ሰው እየላከ ያደርቃል፣ ይቀባል፤ ዝናቡ ይመለሳል፣ ቀለሙ ይላጣል። በመጨረሻ፣ ይህ ቤት ለሰው ጤና አይሆንም፣ ሌላ እንስጥሽ አሏት። እዚያው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረቅ፣ አሳንሰር ያለው። ለእንዲህ ያለ ቤት ወረፋ ላይ የሸበተ ሰው አውቃለሁ።

አስካለ እምቢ አለች።

ልመክራት ሄድኩ። ምክር ስሰጥ ቁመቴ የሚጨምር ስለሚመስለኝ ዕድሉን አላሳልፍም። ስለ ሳንባዋ ነገርኳት፣ ስለ ወገቧ ነገርኳት፣ ስለ አሳንሰሩ በተለይ አምርሬ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ወደ በሩ በአገጯ ጠቆመችኝ።

ልጅ አላት፤ ዮናታን ይባላል። ደወሏ ላይ ስሙ ከስሟ ጋር ተጽፎ ይታያል፤ ልጁ ግን ከቤት ከወጣ ቆይቷል። በምን እንደተጣሉ ሰፈሩ የሚያወራውን አልደግመውም። እሷ ራሷ ምክንያቱን ረስቼዋለሁ ትላለች፤ ያልረሳችው የተናገረችውን ነው። እራት ላይ ነበሩ። ውጣ አለችው። ወጣ። ስልኩን ቀየረ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

«ጋሽ ፍሬው» አለችኝ፣ «ውጣ ያልኩት በዚህ በር ነው። ግባ የምለውም በዚሁ በር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በማን በር ልጠብቀው?»

ሻዬን ጨርሼ፣ ምክሬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በእሷና በውሃው መካከል ሆነ። ውሃው ካሸነፈ ከቤቱ ትወጣለች፤ እሷ ካሸነፈች በሩ ይቀርላታል።

በዚህ አገር ውሃም የራሱ መንግሥት አለው፤ ዋተርስኻፕ ይባላል። ቦዩን፣ ግድቡን፣ የውሃውን ከፍታ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነው፤ ነዋሪውም ድምፅ ሰጥቶ ይመርጠዋል። እኔ በሕይወቴ ደስ ብሎኝ ተሰልፌ የመረጥኩት ለውሃ ነው፣ ቢስቁብኝም። አንድ ቀን ታዲያ አስካለ ከመንገዳችን ባሻገር ባለው ቦይ ዳር ረጅም ሰውዬ ውሃ ሲለካ ታየዋለች። ሄንክ ይባላል፤ በኋላ ለምደነዋል። ሄዳ እጅጌውን ያዘችው። በዚያች መጦሪያ ቤት ስትሠራ በተማረቻት ደች፣ «አንተ የውሃ ሰው ነህ? ውሃህ ቤቴ እየገባ ነው፣ ና ውሰድ» አለችው። ሰውዬው ሳቀ፤ እጅጌውን ግን አልለቀቀችለትም፣ መጣ።

ሄንክ ግድግዳውን አየ፣ ጓሮውን አየ፣ ከዚያ ባልዲ ጠየቀ። የእኔን ባልዲ። ውሃ ሞልቶ፣ በጓሮ በኩል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሽቅብ ሄዶ የእኔ ጓሮ ገባ።

ስለ ጓሮዬ ካልነገርኳችሁ ጉዳዩ አይገባችሁም። ጓሮዬ ከግንብ እስከ ግንብ የሲሚንቶ ንጣፍ ነበር። አንድ ሣር የለበትም። ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ ቅዳሜ በሳሙና አጥበዋለሁ፤ ወጥ ቢፈስበት በእንጀራ ጠርጎ መብላት ይቻላል። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ በስተኋላ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጫማችንን በእጃችን ይዘን ትምህርት ቤት የምንሄድበት ሰፈር ነው። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ለዓመታት ወለል ስወለውል የኖርኩትም አንድ ቀን ጭቃ የሌለበት የራሴ ግቢ ይኖረኛል ብዬ ነው። እና ሄንክ ባልዲውን እዚያ ንጣፍ ላይ ደፋው።

ውሃው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው በጓሮ በሬ ሥር ወጣና በመተላለፊያው ቁልቁል መሄድ ጀመረ። እኛም ተከተልነው። ሄንክ ከፊት፣ አስካለ ቀጥላ፣ እኔ ከኋላ፣ ለቅሶ እንደሚሸኝ ሰው አንገታችንን ደፍተን። በድሪስ በር አለፈ፣ ከድሪስ ጓሮ የወጣ እርጥበት ተቀላቀለው፤ በታንቴ ሊን በር አለፈ። የአስካለ በር ጋ ሲደርስ ታጠፈና ገባ።

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። «የእርስዎ ነው እንዴ፣ ጋሽ ፍሬው? ይህን ሁሉ ዘመን ባልዲ ይዘው ሲመጡ የራስዎን ውሃ ሊወስዱ ነው?»

ባዶ ባልዲዬን ከሄንክ እጅ ተቀበልኩ።

ሄንክ አስረዳን። ከንጣፉ በታች ያለው አሸዋ ነው፤ ክፍት ቢሆን ውሃውን ይጠጣዋል። ውሃው ምን ያድርግ፣ የሚያርፍበት አጥቶ ነው የሚሮጠው። ንጣፉ ቢነሣ፣ አፈርና ተክል ቢገባ፣ የአስካለ ጓሮ ላይ ውሃው ለጊዜው የሚቆምበት ጎድጓዳ ቢቆፈር ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ ተክሉን፣ አፈሩን፣ መሣሪያውን ያቀርባል፤ የተነሣውን ንጣፍ በመኪና ያነሣል። ማስገደድ ግን አይችልም፤ ጓሮው የነዋሪው ነውና ፈቃዱም የነዋሪው ነው። የአራታችንም እሺታ ያስፈልጋል። ይህን ብሎ አስካለን አያት። ሰው የማሳመኑ ሥራ የማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

አስካለ አልሰበከችም። ዝናብ እስኪመጣ ጠበቀችና ድሪስን ሻይ ጠራችው። ድሪስ ጓሮውን የብስክሌትና የጎማ መጋዘን ያደረገ፣ አንድ ንጣፍ አልነቅልም ብሎ የማለ ሰው ነው። ሶፋዋ ላይ አስቀመጠችው። ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ስኳር ስንት ላድርግልህ ትለዋለች። ድሪስ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ እግሩን ሰቅሎ ሻዩን ጨረሰ። በማግስቱ ጎማዎቹን ማውጣት ጀመረ። ታንቴ ሊን ስለ ቀንድ አውጣ ስታማርር ቆይታ፣ እሷም በተራዋ ሻይ ጠጥታ እሺ አለች።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ጭቃ ሸሽቼ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ በስተርጅና ጭቃ ግቢዬ ላስገባ ወይ አልኳት። አልተከራከረችኝም። «ቅዳሜ ደቦ ነው» አለችኝ። «ጋሽ ፍሬው ከደቦ ቀረ ተብሎ ሲወራ መስማት አልፈልግም።»

እንግዲህ ደቦ ከተባለ ምን ይባላል። ቅዳሜ ዲጅኖ ይዤ ወጣሁ። ዲጅኖውን ይዤ ቆምኩ ማለት ይሻላል፤ ንጣፉን የነቀለው ድሪስ ነው። እኔ ሥራውን በቃል ስመራ ዋልኩ። አስካለ ለእኔ የጾም ሽሮና ጎመን፣ ለድሪስ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የተገዛ ዶሮ ሠርታለች። ምሳ ሲደርስ ሄንክ ከቦርሳው ሁለት ቁራጭ ዳቦ በአይብ አውጥቶ ጥግ ላይ ሊቀመጥ ሲል ዳቦውን ከእጁ ወሰደችበት። ደቦ የጠራ ሰው እንደሚያበላ፣ ምሳውን ቋጥሮ የመጣ ሰው ባለቤቷን እንደሚያሳፍር ወደ ማዕዱ እየጎተተች አስረዳችው። ሄንክ ሽሮውን በጥርጣሬ ጀመረና ሁለቴ አስጨመረ። የእሱም አያቶች ግድቡን በዚህ ዓይነት በጋራ ይጠብቁ እንደነበር ነገረን። አስካለ፣ ታዲያ ማን ያበላቸው ነበር ብላ ጠየቀችው። አላወቀም።

አሁን የራሴን ጀብዱ ልናገር።

ንጣፉ ተነሥቶ፣ አፈሩ ገብቶ፣ አረም የሚመስሉ ትናንሽ ተክሎች ተተክለው ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ጓሮዬን ማየት አቃተኝ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ልቅ አፈር ያለበት ግቢ ያልተጠረገ ግቢ ነው፤ ያልተጠረገ ግቢ ደግሞ ባለቤቱ ታሟል ማለት ነው። እጄ አላስቀመጠኝም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ረጨት አደርግና በእግሬ እጠቀጥቃለሁ፣ በሳንቃ እመታለሁ፣ በመጥረጊያ እጠርጋለሁ። በተክሎቹ መካከል እየዞርኩ። ብዙም ሳይቆይ አፈሩ እንደ ሸክላ ጠጠረ፣ አበራ። በጣም ኮራሁበት። ጭቃውን አሸንፌዋለሁ ብዬ ለልጄ ሳይቀር አምስተርዳም ደውዬ ነገርኳት።

ዝናብ መጣ። ከንጣፉ ላይ ይፈስ ከነበረው በላይ ፈሰሰ፤ አፈሩንም ይዞ። በዚያ ቀን አስካለ ሳሎን የገባው ውሃ ብቻ አልነበረም፣ ጭቃም ነበረ። የእኔ ጭቃ።

ቀሚሷ ጫፉ እንደረጠበ መጣች። ጓሮዬን ቆማ አየች። «ይሄ ጓሮ ነው አውድማ? ጤፍ ሊወቁ አስበዋል?» አለችኝ። ልስቅ ስል እሷ አልሳቀችም። ደረጃዬ ላይ ተቀመጠች። አስካለ ደክሟት ስትቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የኮርፖራሲው ሰው ሰኞ ግድግዳውን ሊለካ እንደሚመጣ፣ እርጥብ ካገኘው ቤቱን ልቀቂ እንደሚላት ነገረችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። ያችን ሴት ጮክ ስትል ለምዶ ዝቅ ስትል መስማት ደስ አይልም።

ያን ቀን በቃል አልመራሁም። መቆፈሪያ ሹካውን ይዤ ያጠነከርኩትን አፈር ሳፈርስ ዋልኩ። ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ሄንክም አዲስ ተክል ይዞ መጣ፤ ጠጣሩን አፈር በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ አየና፣ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጥፋት እንዳላየ በአክብሮት ነገረኝ። አስካለ ስትሄድ መጥረጊያዬን ይዛብኝ ሄደች። «ተዉት። ምንም አያድርጉት» አለችኝ ከበሩ ላይ። «ለእርስዎ የምጸልየው ስንፍና እንዲሰጥዎት ነው።»

የኮርፖራሲው ሰው ሰኞ መጥቶ ግድግዳውን እርጥብ አገኘው። ጓሮዎቹን ሲያይ ግን እስከ መስከረም ጊዜ ሰጣት።

ነሐሴ ላይ ያ ዝናብ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና እንዳለ ወረደ። ትራም ቆመ። ድሪስ፣ ታንቴ ሊንና እኔ ሳንጠራ ሁላችንም የአስካለ ሳሎን ተሰበሰብን። እግራችንን ወንበር ላይ ሰቅለን የጓሮውን በር እያየን ተቀመጥን። ውጭ ጎድጓዳው ውስጥ ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ተክሎቹን እስከ አንገታቸው ያዘ። ደጃፉ ሥር ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ የሚሄድ ሳይመስል፣ ሰው ሳያየው እንደሚወጣ እንግዳ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

አስካለ ተነሥታ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ረጅም ጊዜ እንዲሁ ቆማ ቀረች። ታንቴ ሊን በገዛ ቋንቋዋ የሆነ መዝሙር ጀመረች። ድሪስ ግን እግሩን ከወንበር ሳያወርድ ቆየ፤ ያን ሻይ አልረሳውም።

በመስከረም የኮርፖራሲው ሰው ግድግዳውን ደረቅ አገኘው፤ በሩ ቀረላት። ልጁ ግን አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ሄንክ ወደ ሌሎች መንገዶች ይወስዳት ጀመር። በገበያ ጋሪዋ ዲጅኖና የተክል ችግኝ ጭና፣ ንጣፍ አንነቅልም የሚሉ ሰዎችን በር ታንኳኳለች። የውሃ ሚኒስትር አልናት። አንዳንዴ እኔም ጋሪውን ልገፋ እሄዳለሁ፤ ስንመለስ ጋሪው እኔን የሚገፋ ይመስላል። አንድ ነገር አስተዋልኩ። የማታውቀውን በር ልታንኳኳ ስትል ሻሿን ታስተካክላለች፣ ኮቷን ትቆልፋለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። የሚያውቋት ሰዎች በር ላይ እንዲህ አታደርግም። ምነው፣ ለንጣፍ ነቀላ ይህን ያህል ማማር ምንድን ነው ብዬ ቀለድኩባት።

«ማን እንደሚከፍት አይታወቅም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ በዚህ ጉዳይ አልቀለድኩም። የሄንክን መሥሪያ ቤት ግዛት በር ለበር ጨረሰችው ማለት ይቻላል። ብዙ ጓሮ ተከፈተ፤ የምትጠብቀው ሰው የከፈተው በር ግን አልነበረም። በዝናብ ቀን ባልዲ ይዤ ስሄድ፣ ደወሉን ስጫን ከውስጥ ወደ በሩ የምትመጣበትን ርምጃ እሰማለሁ። በፍጥነት ነው የምትመጣው። በሩ ሲከፈት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ይበራና፣ እኔን ስታይ ይጠፋል፣ ከዚያ ፈገግ ትላለች። ይህን ማየቴን አታውቅም። እኔም ለዚያች ለፈገግታዋ ስል ያችን የመጀመሪያዋን ነገር ሳላይ እንዳለፍኩ ሆኜ እገባለሁ።

በሚያዝያ ልቧ ቆመ። ሆስፒታል የቆየችው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች፣ ሄንክ፣ ድሪስ፣ ታንቴ ሊንና እኔ ቀበርናት። ፓስተሩ ዘመድ ካለ ሲል ዙሪያችንን አየን፤ ማንም አልነበረም። ሄንክ አንዲት ተክል ይዞ መጥቶ መቃብሩ ላይ በእጁ ተከላት።

ኮርፖራሲው ቤቱን ተረክቦ የበሩን ቁልፍ ቀየረ። ይህ በሆነ በሳምንቱ ገደማ ከገበያ ስመለስ የሆነ ጎልማሳ ሰው በሩ ላይ አየሁ። ቁልፍ በእጁ ይዟል። ይከታል፣ ያዞራል፣ እምቢ ይለዋል፤ ያወጣና በሱሪው ይጠርገዋል፣ እንደገና ይከታል። ግንባሩ የእሷ ነው። ቁመቱም የእሷ ነው። ሳልጠይቀው ማን እንደሆነ አወቅኩ።

ሞቷን የሰማው ፌስቡክ ላይ ከለጠፈ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። የሚኖረው ሮተርዳም ነው፣ ደቡቡ ላይ፣ በባቡር ሻይ ሳይበርድ የሚደረስበት። ያ ክፍል የሌላ ዋተርስኻፕ ግዛት ነው። አስካለ እዚያ አንኳኩታ አታውቅም።

በመተላለፊያው በኩል ወደ ጓሮዋ አስገባሁት። ቤቱ ገና ባዶ ነበር። በመስኮት ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ዞሮ አማርኛውን ከደች ጋር እየደባለቀ ይጠይቀኝ ጀመር፤ አንተ እያለ። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ነው፣ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ለትንሽ ጊዜ ወጣት የሆንኩ መሰለኝ። ሲጠይቅ ቆይቶ ዋናው ላይ ደረሰ።

«ሦስተኛ ፎቅ ሰጥተዋት ነበር አሉኝ። ደረቅ ቤት። ለምንድን ነው እምቢ ያለችው? አንተ ታውቃለህ አይደል?»

አውቃለሁ። አፌ ላይ ነበር። ወደ በሩ በአገጯ ስትጠቁም ሁሉ ይታየኝ ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፤ እምቢ ያለውን ቁልፍ እስካሁን በመዳፉ ጨብጦታል። ይህን አሁን ብነግረው ይዞት ሮተርዳም ሊሄድ ነው፣ ብቻውን፣ በባቡር። ባልነግረው ደግሞ የእሷን ቃል እሰርቃለሁ። በሕይወቴ የከበደ ነገር ሲመጣ የማደርገውን አደረግኩ።

«ጓሮዋን ስለምትወድ ነው» አልኩት። «ተክል ካየች ሰው ትረሳ ነበር።»

ጓሮውን አየ። ጎድጓዳው ዙሪያ ሁሉም አብቦ ነበር። «እኔ ሳውቃት» አለኝ፣ «የሳሎን አበባ እንኳ አድርቃ ነበር የምትጥለው።»

ሰው ይለወጣል አልኩት። ፈገግ አለ፤ አመነኝ። ከአበቦቹ አንዱን ከነሥሩ አውጥቼ በእርጎ ዕቃ ሰጠሁት። አድራሻውን ነገረኝ፣ ስትመጣ ደውል አለኝ፣ አንገቴን አቅፎ ስሞኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ጣቢያ ድረስ ሄጃለሁ። አንዴ ባቡሩ ገና ነበር፣ አንዴ እኔ ገና ነበርኩ።

ያ ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማው የመጨረሻ ቃል ውጣ የሚለው ነው። ግባ የምትለውን ቃል እሷ ለእኔ ነግራኛለች እንጂ እሱ አልሰማትም። የእኔ አይደለችም፣ የእሱ ናት። አንድ ቀን ሮተርዳም ሄጄ፣ በሩን አንኳኩቼ፣ ሳልቀልድ ላስረክበው ይገባኛል። እስካሁን ዕዳዋ አለብኝ።